ሟቿን የረሳ ምርመራ፦ «ትሩ ዲቴክቲቭ»ን ላወደሰው ወዳጄ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ ስለ «ትሩ ዲቴክቲቭ» የመጀመሪያ ምዕራፍ ረዘም ያለ ጽሑፍ አስነብቦናል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በቴሌቪዥን ከታዩ የወንጀል ድራማዎች የሚደርስበት የለም፤ ያልወደደው ሰው ወይ አልገባውም፣ ወይ የቱርክ ድራማ አበላሽቶታል። መሃል ላይ ደግሞ «ደሴ አንድ ሰው አለ፣ ስምንቱንም ክፍል ጨርሶ ፊቱን ያጨማደደ» ይላል። ሰውዬው እኔ ነኝ። ፍላሹን ያዋሰኝ ራሱ ጸሐፊው ነው፤ ፊቴን ማጨማደዴም እውነት ነው። አብረን የተማርን ስለሆንን «አንተ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ አንባቢ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥርብኝ።

ላላየ ሰው ባጭሩ። ድራማው በፈረንጆቹ 2014 ከጥር እስከ መጋቢት በአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤችቢኦ የታየ ነው። ደራሲው ኒክ ፒዞላቶ ነው፤ ስምንቱንም ክፍል ያዘጋጀው ኬሪ ፉኩናጋ። ቦታው የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ናት፤ ረግረግ፣ የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ ከሩቅ የሚጨስ የነዳጅ ማጣሪያ። በ1995 ዶራ ላንግ የምትባል ወጣት ተገድላ ትገኛለች፤ በተቃጠለ ማሳ ውስጥ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ራሷ ላይ የአጋዘን ቀንድ ተደርጎባት። ረስት ኮል (ማቲው ማኮናሂ) እና ማርቲ ሃርት (ዉዲ ሃረልሰን) መዝገቡን ይይዛሉ። በ2012፣ ሁለቱም ፖሊስነቱን ከተዉ በኋላ፣ ሌሎች መርማሪዎች ለየብቻ እያስቀመጡ የድሮውን ጉዳይ ያስተርኳቸዋል። ከዚህ በታች መጨረሻውን ሳልደብቅ ስለምናገር፣ ሊያየው ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ድራማውን ከመነሻው ጠልቼ አልገባሁበትም። እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ ካንተ የባሰ አፍቃሪው ነበርኩ። አምስተኛውን አስታውሰው። ሁለቱ ሰዎች፣ ለየብቻ ተቀምጠው፣ ስለ አንድ የተኩስ ልውውጥ ለጠያቂዎቻቸው ያወራሉ። ጥይት እንደዘነበባቸው፣ ተሯሩጠው እንደተረፉ፣ ተኩሰው እንደጣሉ። ቃላቸው አንድ ነው፤ በቃል እንደተጠና ትምህርት። ካሜራው የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰባቸውም። ማርቲ ውስጥ ገብቶ የተዘጋባቸው ሁለት ሕፃናት ያገኛል፤ ወጥቶ እጁ በካቴና የታሰረውን ተጠርጣሪ፣ ሬጂ ለዱን፣ ግንባሩን ይለዋል። ረስት አንድ አፍታ አስቦ የሟቹን ክላሽ ያነሣና ዛፉን ቅጠሉን ይረፈርፈዋል፤ ውጊያ የነበረ እንዲመስል። ጆሯችን ውሸቱን እየሰማ ዓይናችን እውነቱን ያያል። ያን ሌሊት ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወንጀል ድራማ እንዲህም ይሠራል ወይ ብዬ ለአንተው ነው የደወልኩት፤ ሰዓቱን እየጠቀስክ ስትሳደብ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ያዘንኩት እዚህ ድረስ ከወሰደኝ ሰው ነው።

የመጀመሪያው መከራከሪያህ «ጉዳዩ ገዳዩ ማን ነው የሚለው አይደለም፤ ጉዳዩ ሁለቱ ሰዎች ናቸው» የሚል ነው። ይህን ነገር ካንተ ብቻ አልሰማሁትም፤ ድራማውን የሚወድ ሁሉ ይላታል። ምርመራው ሲያምር «አቤት የወንጀል ድራማ!» ይባላል፤ ምርመራው ሲላላ «አይ፣ የሰው ነፍስ ጉዞ ነው» ይባላል። እሺ፣ ስለ ሰው ነው እንበል። ሟቿስ ሰው አይደለችም?

ከቤታችን ጀርባ ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ ይኖራሉ። «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ወሎን ከላይ እስከ ታች የዞሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት ከእሳቸው ጋር ነበር። ቀኑ ዝናብ ነበር፣ ጦሳ ጉሙን ተከናንቧል፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባቸው ላፕቶፑን እያቆምኩ እተረጉማለሁ። ሬሳው ሲታይ ምንም አላሉም። ረስት ያን ትልቅ ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍና ሲስል ወደዱት፤ «ይሄኛው ይጽፋል፣ ጎበዝ» አሉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ስለ ሰው ልጅ ከንቱነት ወሬው ተጀመረ። እየተረጎምኩ ትንሽ ሄድኩ። ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡና «ለቅሶ ቤቱ የት ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«የልጅቷ ለቅሶ ነዋ። እኛ ሰው ሲገደል መጀመሪያ የምንሄደው ለቅሶ ቤት ነው። መለዮ አውልቀን፣ ነጠላ ጣል አድርገን እንቀመጣለን። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሳይቆይ ተነሣ፣ ማን ከዘመድ በላይ አለቀሰ። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ የሚሰማውን፣ ስድስት ወር ቢሮ የተቀመጠ አይሰማውም።»

ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ስምንተኛው ክፍል ድረስ የዶራ ላንግ ለቅሶ የለም። እናቷ በሁለተኛው ክፍል አንዴ ብቅ ብላ፣ ራሷን እያመማት፣ ጥቂት ተናግራ ትጠፋለች። የቀድሞ ባሏ እስር ቤት ሆኖ ይጠየቃል፤ እሱም የሚነግረን ስለ እሷ ሳይሆን ወደ ቀጣዩ ተጠርጣሪ መሄጃውን ነው። ከዚያ ወዲያ ዶራ ማለት ፎቶ ናት። ጠረጴዛ ላይ የምትገለበጥ፣ ቀንድ ያላት ፎቶ። ምን ትወድ ነበር? ማን ናፈቃት? የሞተ ተጎዳ ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ድራማ ውስጥ ደግሞ ሁለቴ ነው የተጎዳችው። ጋሼ ለሁለተኛው ክፍል አልመጡም። ስጠራቸው «ወንዶቹ አውርተው ሲጨርሱ ጥራኝ» አሉኝ።

ስለ ረስት ፍልስፍና ስድስት አንቀጽ ጽፈሃል፤ እኔ አንድ ይበቃኛል። ሰውዬው የሁለት ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አባት ነው። «ሰው ባይወለድ ይሻለው ነበር» የሚል አባት የሚናገረው ሐዘኑን እንጂ ፍልስፍና አይደለም፤ እንደ ሐዘን ሲሰማ ይነካል፣ እንደ ትምህርት ሲሰማ ያሰለቻል። ማርቲ ራሱ ገና በመጀመሪያው ክፍል «ይቺን መኪና ዝም የምንባባልባት ቦታ እናድርጋት» ዓይነት ነገር ብሎ ይገላገለዋል። የድራማው ምርጥ ሃያሲ ማርቲ ነው፤ አልሰማኸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። «ፍንጮቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተዘርተዋል፤ ያላየ የራሱ ዓይን ነው» ብለሃል። መዘራታቸውን አልካድኩም። የሚያጣላን አዝመራው ነው።

በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ልጅ ጫካ ውስጥ ስላባረራት ሰው መናገሯ ይነሣል፤ ጆሮው አረንጓዴ የሆነ፣ ፊቱ እንደ ፓስታ የተዘበራረቀ ጭራቅ። በሦስተኛው ክፍል ረስት አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሣር በማሽን የሚያጭድ ሰው ያገኛል፤ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ማርቲ ሲጠራው ጥሎት ይሄዳል። ገዳዩ ያ ሰው ነው። እስከዚህ ድንቅ ነው፤ ገዳይን አነጋግሮ መሄድ ያለ ነገር ነው፣ ጋሼም ደርሶባቸዋል። ታዲያ በስንት ዓመቱ እንዴት ተገኘ? ማርቲ አንድ ምሽት የ1995ቱን ፎቶዎች ሲያገላብጥ አንድ አዲስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት ያያል። «ጆሮው ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ይላል። ቀለም ቀቢ ነበራ! ቀለሙ ጆሮው ላይ ተረፍርፎ! ቤቱን ማን ቀባው ተብሎ የግብር መዝገብ ይታያል፣ ስም ይወጣል፣ አድራሻ ይወጣል፣ መኪና ይነሣል። አለቀ።

አባቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይሰጠውና ይሰክራል፤ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። የማርቲ አረንጓዴ ጆሮ ለእኔ ከዚያ አይለይም። ተንገዳገደ፣ ወደቀ፣ ተገኘ። ሌላም የአባቶች ነገር ነበር፣ አውጫጭኝ። አገሬው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ያወጣል። ጉድለቱ ብዙ ነው፣ ያለ ጥፋቱ የተወነጀለበትም ሞልቷል። ግን ቢያንስ መነሻ ሐሳቡ ትክክል ነው፦ በአንድ አገር ውስጥ ለዓመታት ልጅ ሲጠፋ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ድራማው ይህን ራሱ ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሸሪፉ፣ ተትል የሚባለው የባለሥልጣን ቤተሰብ ዘመዶች፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያውቃሉ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ሲያበቃ፣ ለመፍቻው የተጠቀመው የቀለም ጠብታ ነው።

ስለ አሻንጉሊቶቹ ግን ምነው ዝም አልክ? በሁለተኛው ክፍል የማርቲ ትልቋ ልጅ አሻንጉሊቶቿን መሬት ላይ ደርድራለች፤ መሃል ላይ አንዲት ልብስ የሌላት፣ ዙሪያዋን የቆሙ ወንዶች። ማርቲ በር ላይ ቆሞ ያያል። እኔም ላፕቶፑን አቁሜ ደጋግሜ አየሁ፣ ምክንያቱም ካሜራው ራሱ ቆሞ እንዳይ አድርጎኛል። ቆየት ብሎ ትምህርት ቤት የሣለችው ነውረኛ ሥዕል መጣ። ልጅቷ አደገች፤ ከሁለት ወንዶች ጋር መኪና ውስጥ ተያዘች፤ አባቷ በጥፊ መታት። ይህን ከየት አየችው? ማን አሳያት? መርማሪው አባት ሌላ አገር ገዳይ ሲፈልግ ጉዱ የእሱ ቤት ውስጥ ነበር ወይ? የድራማው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱ የለም። «ሆን ብሎ ክፍት የተወው ነው» የሚል አለ፤ አብሽር፣ ክፍት መተውን አውቃለሁ። ክፍት የተተወ በር ነፋስ ያስገባል። ይሄ ግን በር አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ የተሣለ የበር ሥዕል ነው።

የስድስት ደቂቃው ቀረጻ። አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ካሜራው አንዴም ሳይቆረጥ ረስትን ተከትሎ ቤት ለቤት፣ አጥር በአጥር ይሮጣል። ይህ ብቻውን ዋጋውን ይከፍላል ብለሃል። ፉኩናጋ በዚህ ክፍል ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ቢወስድ ይገባዋል፣ ወሰደም። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ግን ሲያልቅ ምን እንደተደረገ እንይ። ረስት ያለ ትዕዛዝ፣ ያለ መዝገብ፣ ከሞተረኛ ወንበዴዎች ጋር ሆኖ የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ወረረ። ሰው ሞተ። በሚቀጥለው ክፍል የሞቱት እነማን ነበሩ የሚል የለም። ያን ሌሊት አባቱን ሊያስታምም ሄዷል ተብሎ ተዋሽቶለታል፣ በቃ። እነዚያ ቤቶች ለካሜራው መሮጫ ነበሩ። ደግሞ ዶራ ላንግ።

«ሴቶቹ የደበዘዙት ታሪኩን የሚነግሩን ሁለት ወንዶች ስለሆኑ ነው፤ የድክመቱ ባለቤት እነሱ ናቸው» የሚለው ነጥብህ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ። እውነት ቢሆን ኖሮ ስድስተኛው ክፍል ያበላሽብሃል። እዚያ ላይ የማርቲ የቀድሞ ሚስት ማጊ ራሷ በ2012ቶቹ መርማሪዎች ፊት ተቀምጣ ቃል ትሰጣለች። እሷም ትዋሻለች፣ ያውም ከሁለቱም ባሰ መረጋጋት። ሚሼል ሞናሃን በዚያች አጭር ጊዜ ዓይኗን ብቻ ይዛ የምትሠራውን ተመልከት። ሦስተኛ ተራኪ ተገኘ ማለት ነው! የዚህ ቤት ታሪክ በእሷ አፍ ሲነገር ምን ይመስል ይሆን ብዬ ወንበሬን ሳብኩ። ደራሲው የሰጣት ሥራ ግን አንድ ነው፦ ባሏን ለመበቀል ከረስት ጋር መተኛትና ሁለቱን ወንዶች ማጣላት። ስትጨርስ ትሸኛለች። እህቴ ከማድ ቤት መጥታ ይህን ክፍል በቁሟ አይታ፣ «ይቺ ሴትዮ ደሞዟን የምትበላው በምን ሥራ ነው?» ብላ ሄደች።

ሽልማቱን ልለፈው። 12 ጊዜ ለኤሚ ታጭቶ 5 አሸንፏል ብለህ ቆጥረሃል። አምስቱን አንድ በአንድ ብትጽፋቸው ጥሩ ነበር፦ ዝግጅት፣ ቀረጻ፣ የመግቢያ ምስል፣ የተዋናይ ምርጫ፣ ሜካፕ። ድርሰት የለበትም። የደራስያን ማኅበራቸው በ2015 ሸልሞታል ብለህ እንዳትመጣ፣ እሱንም አውቃለሁ፤ ደራሲ ለደራሲ ይተዛዘናል። ደግሞ የመጨረሻው ክፍል በተላለፈ ሌሊት የኤችቢኦ የኢንተርኔት መመልከቻ በሰው ብዛት ተዘጋ ብለህ እንደ ምስክር አቅርበሃል። እኔም የመጨረሻውን ክፍል ስጀምር ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ነበር፤ የእኛ ግን መብራት ሄዶ ነው።

ስለ ቱርክ ድራማ። ይህቺን የጻፍከው እናቴን ስለማታውቃት አይደለም፤ እንጀራዋን በልተሃል። ካና በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እማዬ ያላየችው በአማርኛ የተነገረ ተከታታይ ድራማ ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ልንገርህ፦ ከመቶ ክፍል በላይ ያለውን ታሪክ ስትከታተል፣ በሃያኛው ክፍል ማን ለማን ምን ቃል እንደገባ፣ ቀለበቱ በማን መሳቢያ እንዳለ፣ ደብዳቤውን ማን እንደደበቀ አትረሳም። ባለዕዳው ሳይከፍል ድራማው ሊያልቅ ሲል ትቆጣለች። ያንተን ድራማ ያላየችው እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ነው እንጂ፣ አሻንጉሊቶቹን አይታ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ ትጠይቀኝ ነበር። የተበላሸ ተመልካች የምትለው ይህን ከሆነ፣ እኔም የተበላሸሁት በእሷ ነው።

የመጨረሻው ነጥብህ ስለ መጨረሻው ነው። «ትልልቆቹ አለመያዛቸው ነው እውነታው፤ ዓለም እንዲህ ናት» ትላለህ። የተትል ቤተሰብ፣ ሴናተሩና ፓስተሩ፣ በወንጀሉ ቪዲዮ ላይ ያለው ያ ሁሉ ሰው፣ ማንም ለፍርድ አልቀረበም። ሆስፒታል ውስጥ ሴናተሩን ከገዳዩ ጋር የሚያዛምደው ወሬ ውድቅ መደረጉ በዜና ይነገራል፤ ማርቲም ሁሉንም አንይዛቸውም፣ የእኛን ግን ይዘናል ዓይነት ነገር ይላል። ከዚያ ሁለቱ ውጭ ወጥተው ከዋክብት ያያሉ። ረስት ስለ ሞተችው ልጁ ይናገራል፣ ብርሃኑ እያሸነፈ ነው ይላል። ማኮናሂ እዚህ ላይ አስለቅሶኛል፣ አልደብቅህም።

ትልልቆቹ ያምልጡ፣ ቅር አይለኝም። እኛ አገር ለዚህ እንግዳ ሰው የለም። ግን እንዴት እንዳመለጡ ማየት ነበረብኝ። «ዘ ዋየር» የሚባለው ሌላው የወንጀል ድራማ ላይ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ሴናተር ክሌይ ዴቪስ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ገንዘቡ የት እንደገባ በሰነድ ተይዟል። ሰውዬው ምስክር ወንበር ላይ ወጥቶ «ገንዘቡን ለድሃው ወገኔ ነው የሰጠሁት» እያለ ዳኞቹን በንግግር ያሰክራቸዋል፤ በነፃ ይወጣል፤ ደረጃው ላይ ሕዝብ ያጨበጭብለታል። የተናደድኩትን አትጠይቀኝ። ግን ማምለጫውን አየሁት፤ ቀዳዳው የት እንደሆነ፣ ማን እንደከፈተው፣ ማን እያጨበጨበ እንዳሳለፈው። ያን ድራማ የጻፈው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ጋዜጠኛ ስለነበር ፍርድ ቤቱን ያውቀዋል። «ትሩ ዲቴክቲቭ» ግን ያን ሁሉ ጉድ በአንድ የዜና ዓረፍተ ነገር አሻግሮ ሰማይ አሳየኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው ቀርቶ፣ ሥሩን ሳይነካ ከላይ ኮከብ ቆጠረ።

ፍላሽህን ነገ ጠዋት በሚኒባስ እልክልሃለሁ፤ ሐረጎን ሲወርድ ሾፌሩ ይደውልልሃል፣ መነኸሪያ ጠብቀው። ስምንቱን ክፍል አላጠፋሁብህም። ከጎኑ የ«ዘ ዋየር»ን የመጀመሪያ ምዕራፍ ጭኜበታለሁ፣ 13 ክፍል ነው። ሦስተኛው ድረስ ይዘገያል፣ ታገሠው። ጋሼ እያዩት ነው፤ ትናንት ስድስተኛውን ጨርሰው ሰባተኛውን ካልከፈትክልኝ ብለው ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጠዋል።